ፊቱን ወደ ግድግዳው

ማኅደር በእጆቿና በጉልበቶቿ ተንበርክካ፣ አንድ ጆሮዋን ወደ ሲሚንቶው ወለል ዘንበል አድርጋ፣ በግድግዳው ሥር ትድሃለች። ትልቁ ጥቁር ዉፈር፣ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር፣ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ከጎኑ ጓደኛዋ ሻሚ ስልክ ይዛ፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፍና ታያታለች።

«አሁን ሰው ቢገባ ምን ይላል?» አለች ሻሚ። «የምንታምር ልጅ ለየላት ነው የሚለው።»

«ዝም በይና ድገሚው። ቤዙን ብቻ።»

ሻሚ ስልኩን ነካችው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። አራት ምት፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና አራት።

ማኅደር ዘዴውን ያገኘችው ስልክ ላይ ካየችው ቪዲዮ ነው። የዉፈር ትክክለኛ ቦታ እንዲታወቅ መጀመሪያ ዉፈሩ ራሱ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ይደረጋል። ከዚያ ሰውየው ዉፈሩ ሊቀመጥ በሚችልበት ቦታ ሁሉ እየዳኸ ያዳምጣል። ቤዙ ሳያጓራም ሳይጠፋም ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ፣ የዉፈሩ ቦታ እሱ ነው። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ይሠራል። በመስኮቱ ሥር ስትደርስ ድምፁ ጭራሽ ጠፋባት። በሩ አጠገብ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ተለይቶ፣ ክብ ሆኖ መጣላት።

«በሩ ጋ ነው» አለች። «አንድ ጥግ ብቻ ይቀረኛል።»

የቀረው ጥግ ከስቶሩ ጋር የሚያዋስናቸው ግድግዳ ያለበት ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ዉፈሩ የነበረውም እዚያ ነበር። ማኅደር እየዳኸች ደረሰች። ድምፁ ወፍሮና ተድበስብሶ ከጆሮዋ ይልቅ ጥርሶቿ ውስጥ ተሰማት። የአራቱ ምት ዳርቻ ጠፍቶ አንድ ረጅም ማጉረምረም ሆነ።

«አጥፊው» አለች።

ሻሚ አጠፋችው።

ዱም። ዱም።

ሻሚ ስልኩን አየች። ውጭ ነፋሱ አሸዋውን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ይበትናል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከድንበሩ በስተደቡብ ያለው የሄሉ መንደር በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ገብቷል።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ» አለች ሻሚ፣ የስልኩን መስታወት ወደ ማኅደር አዙራ።

«የገደል ማሚቶ ነው።»

እንዲህ አለች እንጂ ማኅደር ራሷም አላመነችም። የገደል ማሚቶ ወዲያው ነው የሚመልሰው። ይሄኛው ግን ቆይቶ፣ አሰብ አድርጎ ነው የመለሰው።

ሆም ቲያትሩ ወደ ቤታቸው ከመጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ያመጣው የግቢው ባለቤት ጋሽ ፈቃደ ነው። ጋሽ ፈቃደ ከሞያሌ ገበያ በታች ሱቅ ያለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ ቀጭን ሰው ነው። የማኅደር አባት ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ የሚኖሩት በእሱ ግቢ፣ ከስቶሩ ጋር በተያያዘው ክፍል ነው። ዕቃውን በራሱ እጅ ተሸክሞ አስገባው። ቴሌቪዥኑን ራሱ ገጠመ፤ ትንንሾቹን ስፒከሮች ራሱ ሰቀለ፤ ዉፈሩን ከስቶሩ ግድግዳ ጥግ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረው።

«እንዲህ ሲሆን ጎረቤት አይረብሽም» አላቸው። «ደግሞ ቀን ቀን ክፍት ይሁን። ድምፅ ያለበትን ቤት ሌባ አይደፍረውም።»

የማኅደር እናት ምንታምር ለምን ብላ አልጠየቀችም። ጋሽ ፈቃደን ለምን ብላ ጠይቃው አታውቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት የማኅደር ትርፍ አንጀት የፈነዳ ጊዜ፣ በዚያ ድንጋያማ መንገድ ሶሎሎ ድረስ የሚያውቀው ሐኪም ጋ ያደረሳት እሱ ነው። ሐኪሙ «አንድ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ምንታምር እስከ ዛሬ ያንን ያልተጨረሰ ቃል ትጨርሰዋለች፤ ጋሽ ፈቃደን ባየች ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች።

«ስቶሩ ውስጥ ምንድነው ያለው?» አለች ሻሚ።

«ቦሎቄ።»

«ቦሎቄ ግድግዳ አይመታም።»

ማኅደር መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ነው፤ ሆኖም ይሞቃል። ጣቷን አጥፋ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«እንዳትነኪው» አለች ሻሚ በሹክሹክታ። «አያቴ ለጂኒ አንዴ ከመለስሽለት ይለምድሻል ትላለች።»

ምንም አልተሰማም። ማኅደር ልትነሳ ስትል ከግድግዳው ወዲያ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሦስት ምት መጣ። ቀስ ያለ ነው። ከዚያ ደግሞ ብቻውን አንድ፣ እንደ ጥያቄ።

ሻሚ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው የወጣችው። በሩ ላይ ዘወር ብላ «ማኅደር፣ ነይ እኛ ቤት» አለቻት። ማኅደር በእጇ ሂጂ አለቻት። ለምን እንደቀረች ለራሷም አልገባትም። ዉፈሩን አንስታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ፊቱን ወደ ሶፋው አደረገችው። ሥራ የያዘች ለመምሰል ሽቦዎቹን መጠቅለል ጀመረች።

«ዉፈሩ እግር አወጣ እንዴ?»

ጋሽ ፈቃደ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አልሰማችም። መፋቂያው በከንፈሩ ጠርዝ፣ የቁልፍ ዘለላው በጣቱ ላይ ነው።

«በሩ ጋ ሲሆን ድምፁ ጥርት ይላል፣ ጋሼ» አለች እየተነሳች። «ጥግ ላይ ይታፈናል።»

«ይታፈን።»

ገባና ዉፈሩን ብድግ አደረገው። ወደ ጥጉ ወሰደው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ በእግሩ ገፋ አድርጎ አስጠጋው። ማኅደር ዝም ማለት ነበረባት፤ ግን የምታውቀው ነገር ስለሆነ አፏ ቀደማት።

«ፊቱ ወደዚያ ሲሆን ጎረቤት አይረብሽም ያሉት እኮ ልክ አይደለም። ቤዝ በግድግዳ ያልፋል። ሁሉም ወደ ስቶሩ ነው የሚገባው።»

ጋሽ ፈቃደ አጎንብሶ የድምፁን ማስተካከያ እያዞረ ነበር። ጎንበስ እንዳለ ዓይኑን ብቻ አንስቶ አያት።

«ቦሎቄ ጆሮ የለውም» አለ።

ቤቱ በማጉረምረም ተሞላ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የብርጭቆ ውኃ ተንቀጠቀጠ። እሱ እጁን ከዉፈሩ አናት ላይ እንዳሳረፈ ትንሽ ቆየ።

«አንቺ ግን ጥሩ ጆሮ አለሽ» አለ። ከዚያ በዚያው በለስላሳ ድምፁ «ጠባሳሽ እንዴት ነው? አሁንም ይስብሻል?»

«ደህና ነው ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እናትሽን ሰላም በያት።»

ኮቴው ሳይሰማ ወጣ።

እናቷ ከገበያው ልብስ ስፌት ስትመለስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ማኅደር ዉፈሩን አጥፍታ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። ምንታምር ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዳ ከፈተችው።

«ክፍት ይሁን አልተባለም?»

«እማ፣ ግድግዳው ውስጥ...»

«አይጥ ነው።»

ማኅደር እናቷን አየቻት። «ምን እንደሰማሁ ገና አልነገርኩሽም እኮ።»

ምንታምር ሽንኩርት ከዘንቢሉ አውጥታ መላጥ ጀመረች፤ አንዱን ልጣ ሳትጨርስ ሌላ ታነሳለች። እራት እስኪደርስ ከጥጉ የሚመጣው ምት ብቻ በመካከላቸው ነበር።

ማግሥቱ እሑድ ነው። ምንታምር ነጠላዋን አጣፍታ ድንበሩን ተሻግራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ማኅደር ሆዴን አሞኛል ብላ ቀረች። የእናቷ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ዉፈሩን አጥፍታ ወደ መሐል ሳበችው።

ከኋላው፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ድሮ የመብራት ገመድ ያለፈበት ቀዳዳ አለ። ሁልጊዜ የሚያውቁት ቀዳዳ ነው፤ ድመታቸው በሕይወት ሳለች ታሸተው ነበር። አሁን ግን በተጠቀለለ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተጠቅጥቋል። ማኅደር በእናቷ መቀስ ጫፍ ወረቀቱን እየሳበች አወጣች።

ሞቅ ያለ አየር ፊቷን ነካት። ግድግዳው የተነፈሰ መሰላት። ሽታ አለው፤ የላብ፣ የሽንት፣ የታመመ ሰው ሽታ።

«አንቺ ነሽ?» አለ ድምፅ።

ማኅደር ወደ ኋላ ተንፏቀቀች። ድምፁ የሴት ነው፤ የወጣት፤ ደግሞም በአማርኛ ነው።

«ትናንት ሦስቴ የመታሽው አንቺ ነሽ?»

ለመመለስ አፏን ወደ ቀዳዳው ማስጠጋት ነበረባት። «አዎ። አንቺ ማን ነሽ?»

«ኮኪ እባላለሁ። ቀስ በይ። እሱ አለ?»

«የለም። ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

ማኅደር ስቶሩን ታውቀዋለች። መስኮት የለውም። ቦሎቄው በሞላበት ጊዜ ሦስት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም ነበር።

ኮኪ በትንፋሽ ነው የምትናገረው። ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ወደ ደቡብ፣ ሥራ ይገኝበታል እስከሚባለው ታችኛው አገር ድረስ የሚወስዳቸው መኪና ዛሬ ነገ ይመጣል እየተባለ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ሰውየው ጎህ ሲቀድ አንድ ጀሪካን ውኃ ያስገባል፤ ከዚያ በሩ እስከ ማግሥቱ አይከፈትም። መጀመሪያ ሰሞን ሲጨንቃቸው ይጮኹ ነበር። ከዚያ ያ ነገር መጣ።

«ያ ነገር ሲመታ የራሳችንን ድምፅ እንኳ አንሰማም» አለች። «እዚህ የታመመች አለች። ከትናንት ቀትር ጀምሮ አልተናገረችም። ስንጠራት ታየናለች እንጂ አትመልስም።»

ከኋላዋ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የትልቅ ሴት ነው። «ልጄ፣ ሄደሽ ለሰው ንገሪ። ለማንም ይሁን።»

«አይሆንም» አለች ኮኪ ወዲያው። «ፖሊስ ከመጣ ይመልሱናል። እኔ ባዶ እጄን የምመለስበት ቤት የለኝም። መኪናው ይመጣል ብሏል።»

«ልጅቷ እየሞተች ነው፣ ኮኪ።»

«ይመጣል ብሏል።»

ማኅደር ሁለቱን ድምፆች እየሰማች ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። አንዷ ንገሪ ትላለች፤ አንዷ ተይ ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ምንም አትልም።

«ውኃ አላችሁ?» አለች በመጨረሻ።

«አልቋል።»

ይሄኛው የሚገባት ነገር ነበር። እናቷ ከበርሜል ውኃ የምትስብበትን ቀጭን ጎማ አመጣች። አንድ ጀሪካን ወንበር ላይ አስቀመጠች፤ የጎማውን ጫፍ በአፏ ስባ ውኃው ሲመጣ በአውራ ጣቷ ዘጋችው፤ በቀዳዳው አሳለፈችው። ከወዲያ ሰው ያዘው። ከዚያ የመዋጥ ድምፅ ሰማች። ትልቋ ሴት ትቆጥራለች፦ «ሦስት ሦስት ጉንጭ። ሦስት። በቃሽ፣ አሳልፊ። ሦስት።» ቁጥሩ ዞሮ ከመጨረሻዋ ሲደርስ ቆመ። «ዋጪ፣ የኔ ልጅ» አለች ሴትየዋ። «ትንሽ ዋጪ።» ማኅደር ጆሮዋን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። የመዋጥ ድምፅ አልመጣም።

ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ ቡቲዬ፣ የሚወስደው መንገድ በጋሽ ፈቃደ ሱቅ በር ያልፋል፤ ሌላ መንገድ የለም። እሱ ከሱቁ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋዜጣ አልያዘም፤ ስልክም አልያዘም። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ቤተ ክርስቲያን አልሄድሽም?»

«ሆዴን አሞኝ ነው ጋሼ። መድኃኒት ልገዛ።»

«ሙዚቃው ጠፋ።»

«መብራት ሄዷል መሰለኝ።»

ከጀርባው፣ ሱቁ ውስጥ፣ የለስላሳው ፍሪጅ ያጉረመርማል። ጋሽ ፈቃደ ዘወር ብሎ ፍሪጁን አየው። ከዚያ እሷን አያት። ማኅደር መራመዷን ቀጠለች። መታጠፊያው ጋ እስክትደርስ ቀስ ብላ ሄደች፤ ከታጠፈች በኋላ ሮጠች።

ነርሷ ሲስተር ግሬስ ከቡቲዬ ጤና ጣቢያ አጠገብ ነው የምትኖረው። ከሜሩ መጥታ ሞያሌ ዘጠኝ ዓመት የኖረች፣ አማርኛውን ከታካሚ የተማረች ሴት ናት። ልብስ እያሰጣች ሳለ ማኅደር ደረሰችባት። ግሬስ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማች። በእጇ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ወደ ሳፋው መልሳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የተቆለፈ ቤት እኔ ብቻዬን አላስከፍትም» አለች። «ኦቦ ሞሉን ልጥራ። የሰፈሩ ሽማግሌ እሱ ነው፤ ፖሊስም እሱን ይሰማል። ግን ማን ሰማ ይለኛል። ስምሽን ልንገረው? ወይስ ሰው ነገረኝ ልበል?»

ማኅደር የሶሎሎን መንገድ አስታወሰች። እናቷ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ ጋሽ ፈቃደ ከፊት እየነዳ «አይዞሽ፣ ደረስን» ሲል፣ ሌሊቱን ሙሉ «ደረስን» ሲል። ውሸት አልነበረም፤ በእውነት አድርሷታል። ከነገ ጀምሮ የሚተኙበትን ቤት አሰበች። ስሟ ካልተጠራ ምንም እንዳልሰማች ሆና ልትኖር ትችላለች።

«ስሜን አይንገሩት» አለች። ግሬስ እሺ ልትል ስትል ማኅደር ቀጠለች፤ «እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ኦቦ ሞሉ ረጅም፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ነው። ነገሩን ከማኅደር አፍ ሰምቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠየቃት፤ ስንት ናቸው፣ ቀዳዳው የት ነው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለአንድ ሰው በስዋሂሊ ተናገረ፤ ቦዳ የሚሏቸውን ሁለት የኪራይ ሞተሮች ጠራ። በሞተሮቹ ተሳፍረው ወደ ሄሉ ሲታጠፉ ማኅደር ከሞተሩ ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ በእግሮቿ ነው የሰማችው።

ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

ዉፈሩ ተከፍቷል። እስከ ዛሬ ባልተከፈተበት ልክ ተከፍቷል። የግቢው ቆርቆሮ አጥር በእያንዳንዱ ምት ይንጫጫል። ጎረቤቶች በየበራቸው ወጥተው ይተያያሉ።

ጋሽ ፈቃደ ከስቶሩ በር ፊት ቆሟል፤ ቁልፉ በእጁ ነው። ሲያያቸው አልደነገጠም። ለኦቦ ሞሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

«ስቶሩን ክፈተው» አለ ኦቦ ሞሉ።

«ቦሎቄ ነው ያለው፣ ኦቦ። ለመጫን እያዘጋጀሁ ነው።»

«ሰው አለበት ተብሏል።»

«ማን አለ?»

ማኅደር ከግሬስ ጀርባ ነበረች። የግቢው በር ላይ እናቷን አየቻት፤ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሷ ነው፤ ነጠላዋ እንደተጣፋ ነው። ምንታምር ሁሉንም በአንድ እይታ አየች፤ ሽማግሌውን፣ ነርሷን፣ ጋሽ ፈቃደን፣ ልጇን። ፊቷ ላይ ያለው መደነቅ አይደለም። ያ ነው ማኅደርን ከሁሉም በላይ ያመማት።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች።

የተናገረችው ነገር በሙዚቃው ውስጥ ሰጠመ። ጋሽ ፈቃደ እጁን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ፈገግ አለ፤ አልሰማሁሽም እንደማለት። ማኅደር ድጋሚ አልተናገረችም። ወደ ቤታቸው ገባች። ጎማው ተስቦ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተጥሏል፤ ውኃው እስከ ሶፋው ሥር ፈሷል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ ዉፈሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ሶኬቱን ያዘችና ከግድግዳው ነቀለችው።

ዝምታው እንደ አቧራ በግቢው ላይ ወረደ። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ፤ ከሩቅ፣ ከሌላ ቤት።

ከዚያ ከስቶሩ በር ውስጥ አንድ ምት መጣ። ሌላ ጨመረ። ከዚያ ብዙ እጆች ሆኑ፤ በእኩል አይመቱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። የቆርቆሮው በር ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል። ከጎረቤቶቹ አንዷ እጇን በአፏ ላይ ጫነች።

ኦቦ ሞሉ መዳፉን ዘረጋ። ጋሽ ፈቃደ ቁልፉን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

የታመመችውን በጋቢ ጠቅልለው አወጧት። ግሬስ አብራት ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ ጣቷን ከልጅቷ አንገት ላይ ሳታነሳ ለሹፌሩ በአገጯ ሂድ አለችው። የቀሩት አንድ በአንድ ወጡ፤ ብርሃኑ አላስችል ብሏቸው ዓይናቸውን በክንዳቸው ከልለዋል። ፖሊሶቹ የደረሱት ያኔ ነው። ለጋሽ ፈቃደ የእጅ ካቴና አጠለቁለት፤ አሥሩን ደግሞ በመስመር አስቀመጧቸው።

ከመስመሩ መጨረሻ ትንሽዬ፣ ጸጉሯ በአቧራ የነጣ ልጅ ተነስታ ወደ ማኅደር ተመለከተች።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

ድምፁን አወቀችው። «አዎ።»

ኮኪ አላመሰገነችም፤ አልተሳደበችም። ወደ ፖሊሱ መኪና ስትገባ እንኳ አንገቷን አላዞረችም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ምንታምር ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውኃ አደረቀች። ሥራዋን ስትጨርስ ጨርቁን እንደያዘች ተቀመጠች።

«ረቡዕ ለታ ሰምቻለሁ» አለች፣ ልጇን ሳታይ። «ሲያለቅሱ። አይጥ ነው አልኩ። ለራሴም አይጥ ነው አልኩ።»

ማኅደር ከጎኗ ተቀመጠች። ቤቱ ያለ ዉፈሩ ድምፅ ትልቅ መሰለ።

ምሽት ላይ ግሬስ ደወለች። ልጅቷ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች፤ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠይቃለች። የቀሩት ፖሊስ ጣቢያ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ይቀርቡና ወደ ማዶ ይመለሳሉ።

ማግሥቱን ጠዋት ማኅደር ዳቦና ሻይ በቴርሞስ አዘጋጀች። እናቷ አየቻት።

«ያቺ ልጅ ትረግምሽ ይሆናል» አለች።

«ትርገመኝ።»

ምንታምር ወደ ጓዳ ገብታ ሁለተኛ ቴርሞስ ይዛ ወጣች። «አንዱ ለአሥር ሰው አይበቃም» አለች።

ጣቢያው በር ላይ የቆመው ፖሊስ ወጣት ነው። ዳቦውን ገልጦ አየ፤ ቴርሞሶቹን ከፍቶ አሸተተ። ማንን ፈልጋ እንደሆነ በስዋሂሊ ጠየቃት። ማኅደር የኮኪን ስም ነገረችው። መዝገቡ ላይ በጣቱ ወርዶ ስሙን አገኘው፤ ብዕሩን አነሳ።

ምኗ ነሽ አላት። ዘመድ? ጓደኛ?

ማኅደር አሰበች። ከውስጥ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የሰዎች ሳል ይሰማል።

«ጂራኒ» አለችው። ጎረቤት።